ሊጡ የት ያድራል? የጓዳ ታሪክና የዛሬው የቤት ፕላን

በአቃቂ ቃሊቲ፣ አባቴ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከፋብሪካ ባልደረቦቹ ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ያሠራው ቤት አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓሮ የነበረው የጭቃ ማድ ቤት ጣሪያው ዘመመ፤ ግድግዳውም ተሰነጠቀ። ስለዚህ እርሱን አፍርሶ ወጥ ቤቱን ወደ ትልቁ ቤት ማስገባት ግድ ሆነ። መሐንዲስ ልጅ እያለ ሌላ ባለሙያ መጥራት ነውር ነውና ፕላኑን የነደፍሁት እኔ ነበርሁ። የዕቃ ማጠቢያው በመስኮቱ ሥር፣ ምድጃው ከጎኑ፣ ማቀዝቀዣው ከበሩ አጠገብ ሆኖ፣ ሦስቱም በጥቂት እርምጃ የሚገናኙ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲ እንደ ተማርሁት እንከን የማይወጣለት መሰለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለእናቴ አስረዳኋት። እርሷም በጸጥታ ካዳመጠች በኋላ፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ግን ሊጡ የት ያድራል?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በፕላኑ ላይ ለሊጥ የተተወ ቦታ አልነበረም። የጤፉ ኩንታል፣ የበርበሬው እንስራ፣ የሽሮው ዕቃ፣ ለበዓል ጠላ የሚጠመቅበት ጋን፣ መሶቡና ሰፌዱ ሁሉ ቦታ አልነበራቸውም። እኔ የነደፍሁት ወጥ የሚሠራበትን ቤት ነው፤ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ያለውን ግን ረስቼዋለሁ። የረሳሁትም ክፍል ስም ያለው፣ ዕድሜው ረዥም የሆነ ክፍል ነው፤ ጓዳ ይባላል። ይህ ክፍል ከየት እንደ መጣና ከፕላናችን እንዴት እንደ ወጣ ማወቅ ለሙያችን ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ ያገኘሁትን ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ላቅርብ።

የእሳትና የጓዳ መለያየት

በደጋው የሀገራችን ክፍል በሚገኘው ቤት ውስጥ ጓዳ ማለት በግርዶሽ ወይም በግድግዳ ከመኖሪያው ተከልሎ፣ እህልና መጠጥ፣ የምግብ ዕቃና ውድ ንብረት የሚቀመጥበት የውስጠኛው ክፍል ነው። አቅም ያለው ሰው ማድ ቤቱን ለብቻው ከጓሮ ይሠራ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ በሆነ ቤት ውስጥ የሚነድ እሳት አስጊ ነው፤ ጭሱም እንግዳ ያባርራል። እሳቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ጓዳው ግን ከትልቁ ቤት አልወጣም። እህል ከሌባ፣ ከአይጥና ከእርጥበት ሊጠበቅ የሚችለው በባለቤቷ ዓይን ሥር ሲሆን ነውና። ስለዚህ የቀድሞው ቤት ሠሪ ሁለት ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር፤ እሳቱን ማራቅ፣ ጎተራውን ማቅረብ። ይህ አሠራር በመጽሐፍ ባይጻፍም ንድፍ ነው።

ይኸው አሠራር በትልቁ ሲታይ በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአፄ ምኒልክ ግቢ ብዙ ሺህ ሰው በአዳራሹ ግብር ሲበላ፣ ከአዳራሹ በስተጀርባ የነበረው ሥራ በየቤቱ የተከፋፈለ ነበር። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እየተባለ እያንዳንዱ በኃላፊ ይመራ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የተሰኘ መጽሐፍ የቀድሞውን መንግሥት ሥርዓትና ደንብ ማስፈራቸው የሚታወስ ነው። በእነዚህ ቤቶችና በአዳራሹ መካከል የሚመላለሰው አሳላፊ ነበር። አሳላፊው ከጓዳ የወጣውን ለእንግዳው እንደ ማዕረጉ ያቀርባል፤ የሚያበስለው ግን ሌላ ነው።

ተመሳሳይ ክፍል በእንግሊዝ ሀገር ትላልቅ ቤቶችም ነበር። በወጥ ቤቱና በመመገቢያው ክፍል መካከል የምትገኝ፣ የብርና የብርጭቆ ዕቃ የሚታጠብባትና የሚቆለፍባት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ኃላፊዋም የቤቱ ዋና አሳላፊ ነበር። ብርጭቆ እንዳይሰበር ሲባል የማጠቢያዋ ገንዳ ከእንጨት ወይም በእርሳስ ማዕድን ከተለበጠ እንጨት ይሠራ ነበር። የስሞቹ አመጣጥም የሚገርም ነው። የአሳላፊው የእንግሊዝኛ ስም «ባትለር» ከጠርሙስ፣ የክፍሉ ስም «ፓንትሪ» ደግሞ ከላቲኑ የዳቦ ስም የመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ የጠጅ ቤት፣ ሌላው የእንጀራ ቤት ዘመድ መሆኑ ነው። ሁለት እርስ በርስ ያልተማከሩ ሀገሮች አንድ ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት ክፍል ሠሩ።

ነገር ግን የሁለቱም ክፍሎች ታሪክ አንድ የጋራ ጥላ አለበት። ሁለቱም የቆሙት በሌላ ሰው ጉልበት ነው። በእኛ ሀገር ፈጪዋ፣ ጋጋሪዋና ውሃ ቀጂዋ ገረድ ወይም ባሪያ ነበረች፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝም ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ የቤት አገልጋይ እየጠፋ ሲሄድ የአሳላፊው ክፍል አብሮ ከፕላን ወጣ። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ በእኛ ሀገር ጓዳ ከፕላን ሲወጣ ሥራው ግን አልጠፋም።

በደቂቃ የተለካ ወጥ ቤት

የዛሬው ወጥ ቤት ንድፍ ትልቅ ምንጭ በጀርመን ሀገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያዎች 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነች ወጥ ቤት ነደፈች። የሴቲቱን እርምጃ እየቆጠረች፣ የሥራውን ደቂቃ እየለካች፣ የባቡር ምግብ ቤትን ጠባብ ማብሰያ እንደ አብነት በመውሰድ ያዘጋጀችው ነው። ዓላማዋ የሠራተኛዋን ሴት ድካም ለማቅለል ነበርና ሊመሰገን ይገባዋል። ለሩዝ፣ ለስኳርና ለመሳሰለው ትናንሽ የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ከምድጃው አጠገብ ተደርድረዋል። ዱቄት ከሱቅ በኪሎ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ይበቃል።

የእኛ ወጥ ቤት ግን በደቂቃ ብቻ አይለካም። ሊጥ ከተቦካ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ እርሾው ይንሳፈፋል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከዚያም ይጋገራል። ጠላ ከጥንስሱ እስከ መጠጣቱ ቀናት ይቆጠሩለታል። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ ለወራት ይቀመጣል። ጤፍ በኩንታል ይገባል። የፍራንክፈርቱ ወጥ ቤት የእርምጃ ሂሳብ ሲሆን የእኛ ግን የቀንና የወር ሂሳብ ነው። ጓዳ ማለት እንግዲህ ትርፍ ዕቃ የሚወረወርበት ሳይሆን ጊዜ የሚጠበቅበት ክፍል ነው። እኔም በፕላኔ ላይ የሳትሁት ይህንኑ ነበር፤ እርምጃውን ቆጥሬ ቀኑን ረሳሁ።

ከሰርቪስ እስከ ኮንዶሚኒየም

አቃቂ ይህን ለውጥ ለመመልከት የተመቸ ቦታ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር። በኋላም ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ቀድሞ ራሷን የቻለች የነበረችው ከተማ አቃቂ በሰቃም ውሎ አድሮ ከአዲስ አበባ ጋር ተጠቃለለች። በዚህ ዘመን የተሠሩት ቪላዎች አዲስ ሥርዓት አመጡ። በትልቁ ቤት ውስጥ ንጹሕ ወጥ ቤት ተሠራ፤ እንጀራውና ጭሱ ግን ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ቀረ። ጓዳውም በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ቁም ሣጥን ሆነ፣ ግማሹ ወደ ሰርቪስ ወጣ። ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰርቪስ ቤቶች ለብቻቸው ተከራይተው የአንድ ሙሉ ቤተሰብ መኖሪያ ሆኑ። በእንዲህ ያለው ቤት አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ኩንታሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ዋለ።

ኤሌክትሪክ በመጣ ጊዜ ጭሱ የሚቀር መስሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በእርግጥ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የሚበላው ኃይል ቀላል አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ፣ ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ የተተከለ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል፣ የአባ ሳሙኤል ኃይል በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ከ1,900 ያነሱ ምጣዶችን ነው። በበዓል ዋዜማ የሠፈሩ መብራት ለምን እንደሚደክም ከዚህ መረዳት ይቻላል። በየቤቱም ቢሆን 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ስለሆነ፣ ምጣድን ከተራ ሶኬት ጋር ማያያዝ እሳት መጥራት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታም ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልዘነጋውም። በየሳይቱ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች እንዲሠሩ መታቀዱ የአኗኗራችንን ጠባይ ያገናዘበ ነበር። ይሁን እንጂ እሳቱ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ጓዳ ግን የጋራ ሊሆን አይችልም። የጎረቤት ሊጥ ከጎረቤት ሊጥ ጋር አብሮ አያድርም። በገላንም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ሕንፃዎች ደረጃ የሚወጣ ሰው ጓዳው የት እንደ ገባ ያያል። በረንዳው ላይ ኩንታል፣ በደረጃው ሥር ጋን፣ በመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቡሃቃ ያገኛል። ነዋሪው ሥርዓት ስለሌለው አይደለም፤ እኛ በፕላን ያላስቀመጥንለትን ክፍል እርሱ በየቦታው እየቆረሰ ስለ ሠራው ነው። ለመዋቅር ባለሙያም ነገሩ ቀላል አይደለም። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን ጭነት ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የተደረደረ ሦስት ኩንታል ጤፍ ብቻውን ወደ 3 ኪሎ ኒውተን ይጠጋል። በረንዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ማሰብ ይገባል።

ወደ እናቴ ጥያቄ ስንመለስ

ፕላኑን እንደ ገና ሳዘጋጅ አስቀድሜ ያደረግሁት ሁለት ሳምንት ከእናቴና በቤት ሥራ ከምታግዛት ልጅ ጋር መዋል ነው። የሚገባውን፣ የሚቀመጠውን፣ የሚወጣውን ሁሉ በመዝገብ ጻፍሁ። ከዚያም በወጥ ቤቱና በጓሮው በር መካከል 1.60 በ2.40 ሜትር የሆነ ጓዳ አወጣሁ። ቦታው የተገኘው ከሳሎኑ ተቆርሶ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ለጓዳ ተብሎ ሳሎን ይቆረሳል እንዴ?» ብሎ ቅር ተሰኝቶ ነበር። እኔም ሳሎኑ በሳምንት ስንት ሰዓት ሰው እንደሚቀመጥበት፣ ጓዳው ግን ሌሊትም ቢሆን ሥራ እንደማይፈታ ከመዝገቡ አሳየሁት።

ጓዳው ለፀሐይ ብዙም በማይጋለጠው በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ነው። አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ሁለት በወንፊት የተሸፈኑ መተንፈሻዎች አሉት። እህሉ ከወለሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ ያርፋል፤ እርጥበት የነካው እህልና በርበሬ እንደሚሻግትና ሻጋታውም ለጤና መርዝ እንደሚሆን የታወቀ ነውና። ቡሃቃው የሚቀመጠው ሰው ሳይጎነበስ በሚደርስበት ቁመት ነው። ምጣዱ ከጓዳው ወጥቶ በጓሮው በረንዳ ላይ፣ የራሱ መሥመርና የራሱ ማቋረጫ ተሠርቶለት ቆሟል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓዳው መስኮት አለው። የቀድሞው ጓዳ ጨለማ ነበር፤ ጨለማውም እህሉን ብቻ ሳይሆን የምትሠራውንም ሴት ይሸፍን ነበር። ጓዳን ወደ ፕላን ስንመልሰው ያንን ጨለማ አብረን መመለስ የለብንም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እኛ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የምንለዋውጠው ጉልቻውን ነው፤ ምድጃውን፣ ሴራሚኩን፣ የቁም ሣጥኑን ቀለም። በወጥ ቤት እድሳት ላይ ባለቤቱ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ግን በዚህ ቤት ምን ያህል እህል እንደሚገባ፣ ምን ለስንት ቀን እንደሚቀመጥና ሥራውን ማን እንደሚሠራ ነው። ጥያቄውንም ለቤቱ አባወራ ብቻ ሳይሆን ቡሃቃውን ለምታነሣው ሰው ማቅረብ ይገባል።

ሥራው ባለቀ ዕለት እናቴ ጓዳውን ዞራ አየችው። መደቡን በእጇ ዳበሰች፤ መስኮቱን ከፈተችና ዘጋች። ከዚያም ቡሃቃውን በሁለት እጇ ይዛ ለመግባት ሞከረች፤ በሩ ወደ እርሷ የሚከፈት ስለ ነበር ቆመች። «ልጄ፣ ይህን በር በትከሻዬ የምገፋው አድርግልኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ማጠፊያውን ነቅዬ በሩን ገለበጥሁት። ሊጡም በዚያ ሌሊት በጓዳው አደረ።