ዳሱን ያቆሙት እጆች፦ የገጠር ሰርግ ታሪክ ለነገ ሙሽሮች

በመካከላችሁ ለጋብቻ የተዘጋጀ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ገና ቀኑ ሳይቆረጥ የሚያስጨንቀውን ነገር ታውቃላችሁ። «ስንት ያስወጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። አዳራሹ፣ መኪናው፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ ቪዲዮው፣ ሁሉም ዋጋው ተቆርጦለት ይጠብቃል። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት ጋብቻውን ከዓመት ዓመት ያስተላልፋል፤ ሌላው ተበድሮ ይደግስና ትዳሩን በዕዳ ይጀምራል። አያቶቻችን ግን ጥሬ ገንዘብ እምብዛም በእጃቸው ሳይኖር ለቀናት የሚዘልቅ ሰርግ ይደግሱ ነበር። እንዴት ቻሉት? መልሱን ለማግኘት ወደ ሸዋ፣ ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር ገጠር እንውረድ።

ከሁሉ በፊት ጊዜው

የገጠር ሰው ሰርጉን የሚያቅደው ከእርሻው ጋር አስማምቶ ነው። በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጎተራውም ይጎድላል። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ ይወቃል። ጥር ሲገባ ግን ጎተራው ሞልቷል፤ ሰውም በሬም አርፏል። የኦርቶዶክስ ምእመናን በጾም ወራት ስለማይደግሱ፣ የገና ጾም ከተፈታ በኋላና ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት ዋነኛው የሰርግ ወቅት ሆኑ። ጥር እስከ ዛሬ የሰርግ ወር የሆነው እንዲህ ነው። ድግሱ የሚወጣው ከጎተራ እንጂ ከብድር እንዳይሆን ቀኑ ራሱ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ከቀኑም በፊት የሽማግሌዎች ሥራ አለ። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ወደ ሴቷ ቤተሰብ ይልካል። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ሄደው መልስ አያገኙም፤ ደጋግመው ይመላለሳሉ። በዚህ መካከል ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ የሁለቱም ወገን ጠባይና ኑሮ ይጠየቃል፣ ስለ ጥሎሹም ይነጋገራሉ። ይህ ምልልስ ለዛሬ ሰው ጊዜ ማባከን ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከሰርጉ በኋላ ባልና ሚስት ቢጋጩ የሚያስታርቋቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በሰማንያ ጋብቻ ደግሞ ውሉ በምስክሮችና በዋሶች ፊት ይታሰር ስለነበር፣ ትዳሩ ገና ከመነሻው ጠባቂዎች ነበሩት።

ከዳሱ በስተጀርባ

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ መንደሩ ሥራ ይከፋፈላል። አጨዳና አረም በደቦና በወንፈል የለመደ ሰው ለሰርግም የሚሰበሰበው እንደዚያው ነው። ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ባላና ቋሚ ቆርጠው ዳሱን ያቆማሉ፤ ጣሪያውን በቅጠል ይሸፍናሉ፤ ወለሉን ሣር ይጎዘጉዛሉ። በሬውን የሚጥሉትና ሥጋውን የሚበልቱትም እነርሱ ናቸው።

ሴቶቹ ግን ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ነው። ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይበቅላል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ጠጅ ከተጣለ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፤ ቅቤው ይነጠራል። የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን የድግሱ ዱቄት ሁሉ በድንጋይ ወፍጮ በሴቶች ክንድ ይፈጭ ነበር። ሰርጉ ሲቀርብ ጎረቤት እንጀራውን በመሶብ፣ ጠላውን በገንቦ ይዞ ይመጣል። ነገ የእርሱ ልጅ ሲዳር ያው ውለታ ይመለስለታል። ስለዚህ ድግሱ የአንድ ቤት ወጪ ብቻ አልነበረም። መንደሩ በተራ የሚሸከመው ሸክም ነበር።

እያንዳንዱ ቀን የየራሱ ሥራ ነበረው

ሰርጉ ብዙ ቀን የሚወስደው ለመብልና ለመጠጥ ብቻ አይደለም። በሰርጉ ዕለት ሙሽራው ከሚዜዎቹና ከሰርገኞቹ ጋር፣ የቻለ በበቅሎ ያልቻለ በእግር፣ ወደ ሙሽራይቱ ቤት ይሄዳል። የሴቷ ወገን ልጃገረዶች በር ላይ ቆመው በዘፈን «አናስገባም» እያሉ ይከራከራሉ። ጥሎሹ ለሕዝብ ይታያል፤ ወላጆች ይመርቃሉ፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ይወጣሉ። በወንዱ ቤት ሌላ ዳስ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ለጥቂት ጊዜ ጫጉላ ይቀመጣሉ።

በመልስ ቀን ሙሽሮቹ ወደ ሴቷ ወላጆች ይመለሳሉ። ልጃቸውን የሸኙ እናትና አባት በደህና መኖሯን በዓይናቸው ያያሉ። በቅልቅል ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ይተዋወቃሉ። ሚዜውም ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚቆም ሰው አልነበረም፤ ለሙሽራይቱ እንደ ወንድም የሚቆጠር፣ ስትበደል የምትነግረው ሰው ነበር። ዛሬ መልስንና ቅልቅልን ሁለተኛና ሦስተኛ የልብስ ትርኢት ስናደርጋቸው፣ ወጪያቸውን ይዘን ሥራቸውን ጥለናል።

የማናወርሰው

ታሪክን የሚያነብ ሰው የሚያምረውን ብቻ መርጦ አያነብም። በዚያ ያማረ ዳስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተቀመጠችው ሙሽራ ሕፃን ነበረች፤ ፈቃዷን የጠየቃትም አልነበረም። ይህ በድሃ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አልነበረም። በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆነችው ዘውዲቱ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ የተዳረችው ገና በልጅነቷ፣ የሁለቱን ነገሥታት ስምምነት ለማጽናት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። ለሁለቱም 18 ዓመት እንዲሆን የደነገገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ሌላም ጥላ አለ። ከጎረቤት ላለማነስ ሲል የእርሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ ነበር። የእልኸኛ ድግስ የከተማ ሰው ብቻ ፈጠራ አይደለም።

የቃና ጋኖች

መጽሐፍ ቅዱስም የብዙ ቀን ሰርግ ያውቃል። ያዕቆብ የልያን የሰርግ ሳምንት እንዲፈጽም ተነግሮታል። የሶምሶን ግብዣ ሰባት ቀን የቆየ ሲሆን ሠላሳ ሚዜዎች ነበሩት። በቃና ደግሞ ወይን ጠጁ በድግሱ መካከል አለቀ። ልብ በሉ፤ ጉድለቱን ለጌታ ኢየሱስ የነገረችው እናቱ ናት፤ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ውኃ የሞሉት ደግሞ አገልጋዮች ናቸው። ድግሱን የሚመራው ሰው ወይኑ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት ግን ያውቁ ነበር። ጌታ የሙሽራውን ቤተሰብ ከኀፍረት ሲያድን፣ ተአምሩን በቅርብ ያዩት ሥራ ላይ የነበሩት ናቸው።

በገጠር ያሉ ወንጌላውያን ቤተሰቦችም ከወግ ምን እንደሚይዙና ምን እንደሚተዉ መምረጥ ነበረባቸው። በብዙ ቦታ ጠላና ጠጁን በብርዝና በቅሪቦ፣ ዘፈኑንም በመዝሙር ተኩ። ዳሱን ግን አላፈረሱም፤ ሽማግሌውን፣ ምርቃቱንና የጎረቤቱን እጅ ይዘው ቀጠሉ።

እንግዲህ እናንተስ? ሰርጋችሁን ስታቅዱ ቀኑን ከአዳራሽ ኪራይ በፊት ሊያግዟችሁ ከሚችሉ ሰዎች ጋር አስማሙ። ባላችሁ ልክ ደግሱ፤ በሌላችሁ አትደግሱ። የወጥ ቤቱ ሥራ በእናቶችና በእኅቶች ጫንቃ ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ሽንኩርት መላጥና ድስት ማጠብ ወንድምን አያሳንስም። መልስና ቅልቅል ካላችሁ ቤተሰብ በእርጋታ የሚተዋወቅበት ቀን ይሁን፤ ቤት ያፈራው ምግብ ይበቃዋል። ሚዜም ስትመርጡ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊገሥጻችሁ የሚደፍረውን ምረጡ።

ለማግባት ገና ለሆናችሁም ድርሻ አለ። ከኅብረታችሁ አንዱ ቀን ሲቆርጥ የጥሪ ካርድ እስኪደርሳችሁ አትጠብቁ። አስቀድማችሁ ሂዱና «ምን እንሥራ?» በሉት። አንዱ ወንበር ያመላልስ፣ አንዱ እንጨት ይፍለጥ፣ አንዱ እንግዳ ይቀበል። ገንዘብ ያነሰው ወንድም ጋብቻውን ለሌላ ዓመት ከማስተላለፍ የሚድነው በእናንተ እጅ ሊሆን ይችላል።