ግብር በግብር፦ የስቴክ ቤቱን ሒሳብ ማን ከፈለው?

ኦክቶበር 2019 ላይ የኒውዮርክ ታይምሱ የምግብ ቤቶች ሐያሲ ፒት ዌልስ፣ ብሩክሊን ውስጥ ላለው ፒተር ሉገር ስቴክ ቤት ዜሮ ኮከብ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ የተከፈተው በ1887 ነው። ያው ጋዜጣ በ2007 ሁለት ኮከብ ሰጥቶት ነበር። የሐያሲው ቅሬታ ባጭሩ ሲነገር፣ ሥጋው አንድ ቀን ጥሩ ሌላ ቀን መናኛ ነው፣ መስተንግዶው ግዴለሽ ነው፣ ሒሳቡ ግን ይህን ሁሉ ያላየ ይመስል ከፍ እንዳለ ነው።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እውነቱን የሚናገር ተገኘ» አለ። ገሚሱ የአያቱ ቤት የተሰደበ ያህል ተቆጣ። ፒተር ሉገር ግን አልተዘጋም። በ2021 ቶኪዮ ላይ፣ በ2023 ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ።

«ታዲያ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ሁሉም ስለ ሥጋው ያወራል። ለስላሳ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ተቃጥሏል፣ አልበሰለም። እኔ ግን ከሥጋው በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ከፋዩ ማን ነው? የአሜሪካ ውድ ስቴክ ቤቶች ታሪክ በአብዛኛው የበላውና የከፈለው የተለያዩበት ታሪክ ነውና። ይህ ደግሞ ከእኛም ደጅ የራቀ ጉዳይ አይደለም።

ከሥር እንጀምር።

በ1865 የገና ዕለት ቺካጎ ውስጥ ዩኒየን ስቶክ ያርድስ የተባለው ግዙፍ የከብት በረትና ገበያ ተከፈተ። ከ1867 ጀምሮ የቴክሳስ ከብት በእግሩ እየተነዳ ካንሳስ ውስጥ ወዳለችው አቢሊን ይደርስና ከዚያ በባቡር ይጫን ነበር። ችግሩ የቁም ከብት ማጓጓዝ ውድ መሆኑ ነው። ለአጥንቱ፣ ለቆዳውና ለፈርሱ ጭምር የባቡር ኪራይ ይከፈላል፤ ከብቱም መንገድ ላይ ይከሳል፣ ይሞታል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ጉስታቨስ ስዊፍት የተባለ ነጋዴ በበረዶ የሚቀዘቅዝ የባቡር ፉርጎ አሠራ። ከብቱ እዚያው ቺካጎ ታርዶ ሥጋው ብቻ ወደ ምሥራቅ ከተሞች መጓዝ ጀመረ። ሥጋ ረከሰ። የየከተማው ሥጋ ነጋዴ ተቃወመ፤ ግን ዋጋውን መቋቋም አልቻለም። በእነዚያ ቄራዎች ውስጥ የነበረው ቆሻሻና የሠራተኛው መከራ አደባባይ የወጣው በ1906 ሲሆን፣ የሥጋ ምርመራ ሕጉም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ሥጋ ሲረክስ ኒውዮርክ ውስጥ «ቢፍስቴክ» የሚባል ድግስ ተስፋፋ። ወንዶች ሽርጥ አገልድመው፣ ምድር ቤት ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ በቅቤ የራሰ የሥጋ ቁራጭ በእጃቸው ይበላሉ። ሹካና ቢላዋ የለም። ቢራው አያልቅም። ጆሴፍ ሚቸል በ1939 በኒውዮርከር መጽሔት እንደጻፈው፣ በአምስት ዶላር ትኬት የቻልከውን ያህል ትበላለህ። ከደጋሾቹ መካከል የፖለቲካ ክለቦች ነበሩበት። ሴቶች ወደ ድግሱ መግባት የጀመሩት በ1920 የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ ነው፤ ድምፅ ያለው ሰው ይጋበዛላ!

ይህን ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ «ግብር ማብላት» እንለዋለን። በምኒልክ አዳራሽ ሺዎች በየተራ እየገቡ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡና ጠጅ ሲጠጡ ሒሳብ የጠየቃቸው አልነበረም። ተጋባዡ የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን በታማኝነት ነው። ልብ በሉ፤ በአማርኛ ንጉሡ የሚያበላውም ግብር ነው፣ ገበሬው የሚያስገባውም ግብር ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራው በከንቱ አይደለም። የሚበላው ግብር የሚመጣው ከሚከፈለው ግብር ነውና። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

እዚህ ላይ ለስቴክ ቤቶቹ ፍትሐዊ እንሁን። ጥሩ ስቴክ በራሱ ውድ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1927 የበሬ ሥጋን በደረጃ መመደብ ጀመረ። የላይኛው ደረጃ «ፕራይም» ይባላል። ለዚህ ደረጃ የሚበቃው ከብቱ ወጣት ሲሆንና ጮማው በቀዩ ሥጋ ውስጥ እንደ ክር ተበትኖ ሲገኝ ነው። ለስቴክ የሚፈለገው ሽንጥና ፊሌቶ ደግሞ ከአንድ በሬ ላይ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ከዚያ ሥጋው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውኃው እየተነነ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የደረቀው ላይኛው ሽፋንም ተገፎ ይጣላል። ስለዚህ ከዋጋው ውስጥ በእርግጥ የሥጋው የሆነ ድርሻ አለ። ጥያቄው ከዚያ በላይ ያለው ነው፦ ለብቻው ሒሳብ የሚያዝበት ድንች፣ ለብቻው የሚመጣ ቆስጣ፣ የወይን ጠጁ፣ የእንጨቱ ግድግዳ፣ የቆዳው ወንበር።

ወደ 1950 እንለፍ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ።

አንደኛው፣ ፒተር ሉገር ተዳክሞ ለጨረታ ቀረበ። የገዛው ሶል ፎርማን፣ መንገዱ ማዶ የብረታ ብረት ዕቃ ፋብሪካ የነበረው ሰው ነው። ፎርማን የቤቱ ደንበኛ ነበር፤ ዕቃውን የሚገዙትን ነጋዴዎች ይጋብዝ የነበረው እዚያ ነው። የሚጋብዝበት ቤት ሊዘጋ ሲል ቤቱን ራሱን ገዛው። ባለቤቱ ማርሻ ሥጋ መምረጥ ተማረች፤ ገበያ ወርዶ ሥጋ መምረጥም የቤተሰቡ ሴቶች ሙያ ሆነ። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት ዳይነርስ ክለብ የተባለው የክፍያ ካርድ ሥራ ጀመረ። እንደሚነገረው፣ መሥራቹ ፍራንክ ማክናማራ ሬስቶራንት በልቶ ሒሳብ ሲመጣ ቦርሳውን ረስቶ ተገኘ፤ ካርዱም ከዚያ ኀፍረት ተወለደ። ታሪኩ ትንሽ ቅመም የበዛበት ቢሆንም፣ ካርዱ ለንግድ ግብዣ እንደተመቸ አያከራክርም። ከእንግዲህ ጋባዡ ብር አይቆጥርም፤ ይፈርማል። ደረሰኙ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው ግብሩ የሚመጣው። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለንግድ ጉዳይ የተበላ ምሳ ከሚታክሰው ትርፍ ላይ እንደ ወጪ ይቀነሳል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ1950ዎቹ መካከል የኩባንያ ትርፍ ግብር 52 በመቶ ነበር። ኩባንያው 100 ዶላር ለስቴክ ሲያወጣ ትርፉ በ100 ይቀንሳል፤ ግብሩም በ52 ዶላር ይቀንሳል። ስለዚህ ኩባንያው ከራሱ ያወጣው 48 ዶላር ብቻ ነው። ቀሪው መንግሥት ሊሰበስበው ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

በላተኛው ምንም አልከፈለም። ጋባዡ ከኪሱ ምንም አልከፈለም። ኩባንያው ግማሹን እንኳ አልከፈለም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ «ዋጋው ይገባዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ጠያቂ አልጠፋም። ኬኔዲ በ1961 የግብዣ ወጪ እንዲገደብ ጠየቀ። ኮንግረሱ በ1962 ያጸደቀው ሕግ ደረሰኝና ማስረጃ ማቅረብን አጠበቀ፤ ቅነሳውን ግን አላስቀረም። ጂሚ ካርተር በ1976ቱ የምርጫ ዘመቻው ላይ «የሦስት ማርቲኒ ምሳ» የሚባለውን ነገር ዋና ጉዳይ አደረገው። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ሠራተኛው ከቤቱ ቋጥሮ የመጣውን ሳንድዊች ከግብሩ አይቀንስም፤ አለቃው ስቴኩን ለምን ይቀንሳል? በ1978 ቅነሳው በግማሽ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ኮንግረሱ አልተቀበለውም። ያስቀረው የባለሀብት ጩኸት ብቻ አልነበረም። የአስተናጋጁና የሳህን አጣቢው እንጀራ ጉዳይም ተነስቶ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1986ቱ የግብር ማሻሻያ ነው፤ ከምሳው ሒሳብ የሚቀነሰው 80 በመቶ ብቻ ሆነ። በ1993 ደግሞ ወደ 50 በመቶ ወረደ። የግብሩ መጣኝም አብሮ ወርዷል፤ ከ2018 ጀምሮ 21 በመቶ ነው። ዛሬ ያው የ100 ዶላር ስቴክ ለኩባንያው 89 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣበታል። ከ48 ወደ 89 ከፍ አለ ማለት ነው። በኮቪድ ምክንያት ለ2021 እና ለ2022 ብቻ የምግብ ቤት ሒሳብ ሙሉ በሙሉ እንዲቀነስ ተፈቅዶ ነበር፤ አሁንም የቀረበው ምክንያት ምግብ ቤቶቹን ማዳን ነው።

ይህን ምክንያት በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። ሩት ፈርተል የምትባል ሴት በ1965 ቤቷን አስይዛ 22,000 ዶላር ተበድራ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ክሪስ ስቴክ ሃውስ የሚባለውን ምግብ ቤት ገዛች። ባሏን የፈታች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። አስተናጋጅ ስትቀጥር እንደሷ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴቶችን ትመርጥ ነበር። ደንበኞቿ የከተማው ፖለቲከኞች፣ ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች ነበሩ። በ1976 ቤቱ ተቃጥሎ ወደ ሌላ ቦታ ስትዛወር ውሉ የድሮውን ስም እንዳለ እንድትይዝ ስላልፈቀደላት የራሷን ስም ከፊት ጨምራ «ሩትስ ክሪስ» አለችው። በ2023 ዳርደን የተባለው ኩባንያ ይህን ድርጅት 715 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው። የፖለቲከኛው ምሳ የብዙ እናቶችን ልጆች አሳድጓል። እውነት ነው። ግን ይህ ስለ ሥራ የሚነገር እውነት ነው፤ ስለ ስቴኩ ዋጋ የሚመሰክረው ነገር የለም።

ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው የሚሄድበት ስቴክ ቤት ምን እንደሚመስልም ታሪኩ ያሳየናል። ሲዝለር በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አውትባክ በ1988 ፍሎሪዳ ውስጥ የተከፈቱት ለቤተሰብ ነው። ድንቹ ከሥጋው ጋር አብሮ ይመጣል። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ አይደለም። ዋጋው ትንሽ ከፍ ሲል ቤተሰቡ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱም ይህን ያውቃል። ሥጋው የፒተር ሉገርን ያህል ላይሆን ይችላል። ነገር ግን እዚያ ቤት እያንዳንዱ በላተኛ ሐያሲ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባን ሥጋ ቤት አስቡት። ሥጋው ተሰቅሎ ይታያል። የኪሎው ዋጋ ይታወቃል። ሽንጥ ነው ታላቅ? ብለህ መርጠህ ታስቆርጣለህ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ታያለህ፤ አጥንት ከበዛ ትከራከራለህ። ጥሬውን ትቆርጣለህ ወይም ጥብስ ታዛለህ። የምትከፍለው ለምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የምግብ ቤት ሥርዓት ብዙ አላውቅም።

ታዲያ ያንኑ ሰው በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ እዩት። ከስብሰባ በኋላ፣ ከእንግዳ ጋር፣ «ፕሮጀክቱ ይሸፍነዋል» ሲባል። ሚዛኑን ማንም አያይም። ሁለት ኪሎ የሚበቃው ጠረጴዛ አራት ኪሎ ያዝዛል። ይህ ሰው በቤተሰቡ ገንዘብ ቢሆን ስለ ሩብ ኪሎ የሚከራከር ሰው ነው። የሰውየው ባሕርይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኪሱ ነው። የሥጋ ኪሎ ዋጋ ናረ ብለን ስናማርር፣ ውዶቹን ጠረጴዛዎች የሚሞላው በማን ገንዘብ የሚበላ ሰው እንደሆነም መጠየቅ አለብን። ከፋዩ የማይሰማው ዋጋ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ጎረቤት ያለው ሥጋ ቤትም ያንን ዋጋ አይቶ የራሱን ይሰቅላል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ለበዓል ግማሽ ኪሎ ሊገዛ የመጣው ነው።

ስለዚህ ስቴክ ቤት ዋጋው ይገባዋል ወይ ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን ልጁ ስትመረቅ የሳምንት ደመወዙን ይዞ ውድ ስቴክ ቤት ቢወስዳትና ደስ ብሏቸው ቢወጡ፣ ይገባዋል። ዋጋውን ያውቀዋል፤ መዝኖታል፤ ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለዚያች ምሽት እንደከፈለም ያውቃል። በሰው ካርድ የበላ ግን ስለ ዋጋው የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋ የለውም፤ አልከፈለማ። ፒት ዌልስ ራሱ የበላው በጋዜጣው ገንዘብ ነው፤ ግን ሥራው ከኪሳቸው በሚከፍሉት አንባቢዎች ዓይን ሒሳቡን ማየት ነበር። ቤቱን ያስቆጣውም ይህ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ግብዣ ላይ ሒሳቡ ሲመጣ እጁን ቀድሞ ወደ ኪሱ የሚሰደውን ሰው ተመልከቱ። ከዚያ ኪሱ የማን እንደሆነ ጠይቁ።