ክፍት ሰማይ፦ የግሪን ባንክ ኦብዘርቫቶሪና የተመራማሪዎቹ ማኅበረሰብ



የትልልቅ ቴሌስኮፖች ታሪክ ሲነገር በአብዛኛው የሚነገረን ስለ ብረቱ ነው፤ ስፋቱ ስንት ሜትር፣ ክብደቱ ስንት ቶን እንደሆነ። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የማን ነው? በእርሱ ሰማይን የመመልከት መብት ያለውስ ማን ነው? መልሱን ፍለጋ በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ወደምትገኘው ግሪን ባንክ የተባለች የገጠር መንደር እወስዳችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የራዲዮ ሥነ ፈለክ የተጀመረው በተቋማት ሳይሆን በግለሰቦች ነው። ካርል ጃንስኪ የተባለ የቤል ስልክ ላቦራቶሪ መሐንዲስ፣ የባሕር ማዶ የራዲዮ ስልክን የሚያውከው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሲመረምር፣ አንደኛው ድምፅ ከምድር ሳይሆን ከፍኖተ ሐሊብ እንደሚመነጭ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደረሰበት። በ1937 ደግሞ ግሮት ሬበር የተባለ ሌላ መሐንዲስ፣ ስፋቱ 9 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሳህን በኢሊኖይ በሚገኘው መኖሪያው ግቢ በገዛ ገንዘቡ ሠራ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሳይንሱ ከግለሰብ አቅም በላይ ሆነ። ብሪታንያና አውስትራሊያ ቀድመው ሄዱ፤ የሚያስፈልገውም መሣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚቀመስ አልሆነም። የዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት፣ በፕሬዚዳንቱ በሎይድ በርክነር መሪነት፣ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ብሔራዊ ማዕከል ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኅዳር 1956 ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጋር ውል ተፈረመና ብሔራዊው የራዲዮ ሥነ ፈለክ ኦብዘርቫቶሪ ተወለደ።

ሐሳቡ ግን ያለ ሙግት አላለፈም። በዋሽንግተን በካርኔጊ ተቋም ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሜርል ቱቭ፣ ገንዘብና ሥልጣን በአንድ ማዕከል ሲከማች በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ትናንሽ የምርምር ቡድኖች ይጎዳሉ ብሎ ተከራከረ። በክርክሩ ተሸነፈ፤ ስጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ኦብዘርቫቶሪው ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ ለቱቭ ጥያቄ የተሰጠ ረጅም መልስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የመልሱ መጀመሪያ ጸጥታ ነው። ከሰማይ የሚደርሰን የራዲዮ ሞገድ እጅግ ደካማ በመሆኑ በአቅራቢያ ያለ ማሠራጫ በቀላሉ ይውጠዋል። በ1958 መንግሥት በአካባቢው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት የራዲዮ ጸጥታ ቀጠና እንዲሆን ወሰነ። ይህን የመሰለ ጥበቃ አንድ ፕሮፌሰር ብቻውን ሊያገኘው የሚችል አልነበረም።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የሚልቀው፣ ክፍት ሰማይ የተባለው መርሕ ነው። ተመራማሪው የየትኛውም አገር ዜጋ፣ የየትኛውም ተቋም ባልደረባ ቢሆን ፕሮፖዛሉን ያቀርባል፤ ገምጋሚዎች ሐሳቡን ይመዝናሉ፤ ብልጫ ያገኘው የምልከታ ሰዓት ይሰጠዋል። ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎችና መቀበያዎቹን የሚሠሩት መሐንዲሶች የማዕከሉ ናቸው፤ ጥያቄው የእንግዳው ነው። በ1969 የኦብዘርቫቶሪው፣ የሜሪላንድና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ሆነው፣ 43 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ በከዋክብት መካከል ባለው ኅዋ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ሞለኪውል ያገኙት በዚህ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን በር መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ የገባው ሰው መሥራት መቻል አለበት። ይህ በግልጽ የታየው በ1980 በኒው ሜክሲኮ በረሃማ ሜዳ 27 አንቴናዎችን ያጣመረው ሌላው የኦብዘርቫቶሪው መሣሪያ፣ ቪ.ኤል.ኤ.፣ ሲመረቅ ነው። አንቴናዎቹ ሥዕል አያነሡም፤ ሥዕሉ የሚወጣው ከብዙ ስሌት በኋላ ነው። ስለዚህ ማዕከሉ ኤይፕስ የተባለ ሶፍትዌር አዘጋጅቶ ለዩኒቨርሲቲዎች አሠራጨ፤ የሥዕል አወጣጡን ጥበብ የሚያስተምሩ ዐውደ ጥናቶችም ከፈተ። ተመልካቾች ለተወሰነ ጊዜ ብቻቸውን የሚጠቀሙበት መረጃም ቆይቶ በመዝገብ ቤት ለሁሉም ይለቀቃል። ቱቭ የፈራላቸው ትናንሽ ቡድኖች የራሳቸው አንቴና ሳይኖራቸው የዓለምን ታላቅ መሣሪያ የተጠቀሙት በዚህ መንገድ ነው።

የማኅበረሰቡ ጥንካሬ የተፈተነበትን አንድ ምሽት ላንሣ። በ1962 ሥራ የጀመረው የግሪን ባንክ 91 ሜትር ቴሌስኮፕ በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የተሠራ፣ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የታሰበ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1988፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ43 ላይ፣ ምልከታ ላይ እንዳለ ተደርምሶ ወደቀ፤ ምክንያቱ የአንድ መጋጠሚያ ሰሌዳ መሰበር ነበር። የተጎዳ ሰው አልነበረም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጥያቄና የሴናተር ሮበርት በርድ ጥረት ተዳምረው በ2000 አዲሱ ቴሌስኮፕ ተመረቀ፤ ሳህኑ 100 በ110 ሜትር ሲሆን፣ በየትኛውም አቅጣጫ ከሚዞሩት የራዲዮ ቴሌስኮፖች ሁሉ ትልቁ ነው።

ብረቱ ተተካ፤ መርሑን ግን ሌላ ፈተና ጠበቀው። በ2012 የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የግምገማ ቡድን ፋውንዴሽኑ ለዚህ ቴሌስኮፕ የሚሰጠውን ድጋፍ እንዲያቋርጥ መከረ። በ2016 ግሪን ባንክ ከብሔራዊው ተቋም ተለይቶ ለብቻው ቆመ፤ ከምልከታ ሰዓቱም ከፊሉን ገንዘብ ለከፈሉ ወገኖች መስጠት ግድ ሆነበት። ይህን ለማውገዝ አልቸኩልም፤ የተሸጠው ሰዓት ቴሌስኮፑን ከመዘጋት አድኖ ይሆናል። ሆኖም የተሸጠ ሰዓት ሁሉ ከክፍት ሰማይ ላይ የተቀነሰ ሰዓት ነው፤ ቅነሳው የሚሰማውም በቅድሚያ ሐሳብ እንጂ ገንዘብ የሌለውን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የዚህ ታሪክ ትርጉም ለእናንተም ቅርብ ነው። በብቃት ብቻ የሚከፈት በር እስካለ ድረስ ከዚህ አዳራሽ የሚነሣ ጥሩ ጥያቄም ሊገባበት ይችላል። ያ በር ግን በራሱ ክፍት ሆኖ አልተገኘም፤ በሙግት ተከፈተ፣ በድካም ተጠበቀ። ወደፊት ክፍት ሆኖ እንዲኖርም የሚሟገትለት ትውልድ ያስፈልገዋል።