ንድፍ ያለው የሸክላ ጡብ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ጉም የሚበዛባት ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር የምትወርድ ሞቃት የፋብሪካ ከተማ ናት። የዛሬው ግንባታ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በሁለቱም ከተሞች የአርማታ ምሰሶ ቆሞ መካከሉ በብሎኬት ይሞላል፣ ፊቱ በአሉኮቦንድና በመስታወት ይሸፈናል። ሳይለሰን ፊቱ ታይቶ የሚቀር የሸክላ ጡብ የተሻለ አማራጭ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ንድፉ ግን የየከተማውን አየር መከተል አለበት።

ጌጡ ከአሠራሩ የሚወጣ ግድግዳ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የሚታየው ግድግዳው በእንጨትና በተለሰነ ድንጋይ ንብብር ስለተሠራ ነው። ዓይን የሚስበው ጥቁር መስመር ግድግዳውን ያያዘው እንጨት ራሱ ነው። ከአካባቢው ርቆ፣ በመካከለኛው እስያ በቡኻራ ከተማ ያለው የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሳማኒዶች ሥርወ መንግሥት መካነ መቃብርም ውበቱን ያገኘው ከጡቡ አደራደር ነው።

ለኮምቦልቻ የሚስማማው ክፍተት እየተተወለት የሚደረደር ጡብ ነው። የግድግዳው ውፍረት 12፣ የክፍተቱ ቁመት 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከአድማስ 27 ዲግሪ በላይ ያለች ፀሐይ በቀጥታ አትገባም። በመጋቢት፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ ፊት ላይ፣ ይህ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላ ይሰጣል፤ ነፋሱ ግን ማለፉን አያቋርጥም። እንዲህ ያለውን ጡብ ከመስኮትና ከበረንዳ ፊት ለፊት ማቆም ለፋብሪካ ሠራተኛ መኖሪያ ትልቅ እፎይታ ነው።

ያንኑ ወደ ደሴ ማውጣት ብርድና ዝናብ መጋበዝ ነው። እዚያ ክፍተት የሌለው፣ ንድፉን በጡቡ ቀለምና አቅጣጫ የሚያወጣ ግድግዳ ይሻላል። ወጣ ወጣ ያለ ጡብ በአናቱ ላይ ውኃ ስለሚያቁር መጠኑ ማነስ፣ መጋጠሚያውም ውኃ እንዳይዝ ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት። ከሁሉ በላይ ክብደቱ ያሳስባል፤ የደሴ ዳገቶች የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ናቸው።

ሁለቱንም ከተሞች የሚያሰጋው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷታል። ክፍተት ያለው ጡብ ደግሞ ከድፍኑ ይልቅ ደካማ ነው። ስለዚህ በየተወሰነው ረድፍ ቀጭን ብረት ሊገባበት፣ ከአርማታው ጋር በብረት ሊታሰር፣ ሕንፃው ሲወዛወዝ እንዳያደቀውም በዳርና ዳሩ ክፍተት ሊተውለት ይገባል። አርክቴክቱ ንድፉን ከጨረሰ በኋላ መሐንዲሱ ብረቱን ይጨምርበት ማለት አያዋጣም፤ የክፍተቶቹ ርቀት የሚወሰነው ብረቱ በሚያልፍበት ረድፍ ነው። የጡቡን ጥንካሬና ውኃ የመምጠጥ ልክ ከግንባታ በፊት መፈተሽ ለሚፈልግም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ቅርብ ነው።