የምልዓተ ጉባዔ ነገር



በስብሰባ ቀን ጸሐፊው ስም ጠርቶ «ምልዓተ ጉባዔው አልሞላም» ሲል ብዙዎቻችን እናጉረመርማለን። «የመጣነው አንበቃም ወይ?» እንላለን። ቀድሞ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ስለዚህ ከማውቀው ጥቂት ልጻፍላችሁ።

ምልዓት በግዕዝ ሙላት ማለት ነው። አባቶቻችን ጉባዔን ከነቁጥሩ ነው የሚያስታውሱት። ከጣራ ገዳም እስከ ደብረ ታቦር በየደብሩ ስማቸው የሚነሣው ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት ናቸው። በ381 በቁስጥንጥንያ 150፣ በ431 ደግሞ በኤፌሶን 200 ተሰበሰቡ እየተባለ ይነገራል። እንደሚመስለኝ፣ ስንት ሆነው እንደ ወሰኑ ካልታወቀ የውሳኔው ክብደት አይታወቅም።

የዛሬም ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባዔ የሚሆነው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን አንቀጽ 64 ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ አባላት ውይይት ይከፍታል፤ ለመወሰን ግን ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት። ልብ በሉ፤ ለመነጋገር ጥቂት ሰው ይበቃል፣ ለመወሰን አይበቃም።

ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ የድጋፉ ድምፅ መጀመሪያ 346 ተባለ፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፤ የ547 መቀመጫ ሁለት ሦስተኛ ደግሞ 365 ነው። ታዲያ ሕዝቡ ቢያነጋግረው ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ከ120 አባል 19 ብቻ ተገኝተን «ውዝፍ ያለበት ይሰረዝ» ብለን ወሰንን። ቃለ ጉባዔውን እኔ ጻፍኩ፤ ስንት ሰው እንደ ተገኘ ግን አልጻፍኩም። በሳምንቱ የሦስት ወር ውዝፍ የነበረባት አንዲት እናት ባሏ ሞተባት። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልወጣም። ጥቂት ጎረቤት ቀበረው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከ80 በላይ ሰው መጥቶ ውሳኔውን ሻረው። ምን ዋጋ አለው? ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም።

እርግጥ ቁጥሩን ብቻ ይዘን ብንቀር ሥራ ይቆማል። አዝመራ ሲደርስና በገበያ ቀን ሰው አይመጣም። ለዚህ ሁለተኛ ጥሪ ተጠርቶ በተገኘው ሰው መወሰን መልካም ነው። አባል መሰረዝንና መዋጮ መጨመርን ግን ያለ ሙሉ ጉባዔ አንንካ። ጸሐፊም የተገኘውን ሰው ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ።

የቀረ ሰው በኋላ ቢያማ ዋጋ የለውም፤ መጥተን እንቆጠር። ለሐዘን ሳይሆን ለጉባዔ ያገናኘን።