ዮጋ የማን ነው? ከማይሶር እስከ ገርጂ

«ይሄ ነገር የሌላ ሃይማኖት አይደለም እንዴ?» ዮጋ የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ይህን ጥያቄ ከእናቱ፣ ከነፍስ አባቱ ወይ ከባልንጀራው ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ገርጂ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ሰዎች ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ጥያቄው ተመላልሶ ይመጣብኛል። «ስፖርት ነው ባክህ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ግን ሳያጣራ ማለፍ አይሆንለትምና እስኪ ታሪኩን አብረን እንየው።

ሥሩ የህንድ ነው፤ ከሂንዱ እምነትም ጋር የተሳሰረ ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን ትርጉሙ «ማጣመር፣ መጥመድ» ነው፤ ልክ በሬ እንደምንጠምደው። ታዲያ ፓታንጃሊ ጻፈው የሚባለውን ጥንታዊ የዮጋ ድርሳን ብታዩ ትገረማላችሁ። ከ190 በላይ ከሆኑት አጫጭር አንቀጾቹ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው! የቀረው ስለ አእምሮና ስለ ተመስጦ ነው።

ታዲያ ቦሌ ጂሞች ውስጥ የምንጎነበሰውና የምንለጠጠው ከየት መጣ? መልሱ ብዙ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻሪያ የተባለ መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር። ያኔ ህንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ የአውሮፓ ጅምናስቲክም በጦር ሠራዊቱና በትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። ማርክ ሲንግልተን የተባለ ተመራማሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዛሬው ዮጋ የተወለደው ከሁለቱ ቅልቅል ነው ሲል ተከራክሯል። ከክሪሽናማቻሪያ ተማሪዎች አንዷ ኢንድራ ዴቪ በ1947 ሆሊውድ ውስጥ ማስተማሪያ ከፈተች፤ ሌላው ተማሪው አዬንጋር በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ በዓለም ታወቀ።

ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ጣልያን በ1941 ከተባረረ በኋላ መንግሥታችን ብዙ የህንድ መምህራንን ቀጥሮ በየክፍለ ሀገሩ አሰማርቷል። ወላጆቻችን ሒሳብና ሳይንስ ተምረውባቸዋል። የሰፈሬ ትልልቅ ሰዎች የህንድ መምህራቸውን ሲያነሡ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ዮጋ አስተማሩን ያለኝ ግን የለም። እኔ ያገኘሁት ከዩቲዩብ ነው፤ ያውም ከአሜሪካውያን! የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁን 21ን (ሰኔ 14ን) የዮጋ ቀን ብሎ የሰየመውም በ2014 መጨረሻ ነው።

እንግዲህ «ሃይማኖት ነው» የሚለውም «ተራ ስፖርት ነው» የሚለውም እውነቱን ከግማሽ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ። ለምሳሌ ሁላችንም የምንወደው ተከታታይ እንቅስቃሴ በስሙ «ለፀሐይ ሰላምታ» ማለት ነው። በጥንቱ ድርሳን የለም፤ በስፋት የታወቀው በ1920ዎቹ ነው። ስሙ ግን ስም ነው። ሲሰግድ ላደገ ሰው፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም፣ መጎንበስና መነሣት ትርጉም አለው፤ «ለማን?» ብሎ የመጠየቅ መብትም አለው።

አንዲት ተማሪ ይህን ሰምታ ቀርታለች። ከፋኝ፤ ቢሆንም ማንም ሳይደብቃት፣ አውቃ ነው የወሰነችው። ሌላዋ ደግሞ ያን እንቅስቃሴ ስንጀምር ምንጣፏ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትቆጥራለች፤ ስንጨርስ ትቀላቀለናለች። ማንም ለምን አይላትም።