ነጩ ድንጋይና የኖፓ ማሳ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ድንጋይ ነገር ላውጋችሁ።

ኢሉባቦር ደን የለበሰው፣ ቡናውም ከጥላ ዛፍ ሥር የሚንዠረገገው በዝናቡ ነው። እዚያው ኢሉባቦር ባለችው ኖፓ ወረዳ ሰማዩ አንዴ ከተከፈተ መች በቀላሉ ይዘጋል! ያው ዝናብ ግን ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ወስዶ ቀዩን አፈር ኮምጣጣ አደረገው። በቆሎ የዘራ ገበሬ አገዳው አልመዘዝ ሲለው አንዱን ይነቅላል። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ደንዳና ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ ወይን ጠጅ መስሏል። ለካ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥሩን እያደነዘዘው ኖሯል! የማዳበሪያውን ፎስፈረስም አፈሩ ጨምድዶ ይዞታል። በስንት ልፋት የተገዛ ማዳበሪያ ነው እንግዲህ እንዲህ መና የሚቀረው።

መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአገራችንን ሰፊ ክፍል ባሕር ሸፍኖት ነበር፤ በባሕሩ ወለል የተከማቸው ዝቃጭና ዛጎል ድንጋይ ሆነ። ደጀን ላይ ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ሙገርና መቀሌም ይገኛል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ሽሽ ብሎ አረፋ ይደፍቃል፤ ኮምጣጣውን እያበረደ ነው። ማሳ ውስጥም ሥራው ይኸው ነው።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) እና የብሪታንያ ሰዎች እንግሊዞች ዛሬ ማርል የሚሉትን ኖራማ አፈር እየቆፈሩ እርሻ ላይ ይበትኑ ነበር። አንዱ ነጭ ዓይነት 80 ዓመት ያገለግላል፤ በዕድሜው ሁለቴ የበተነ ሰው የለም ይላል።

የእኛ ጭንቅ ሌላ ነው። የኢሉባቦር ተራራ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ኖራው ከሩቅ ይጫናል። እንደ አፈሩ ኮምጣጣነት ለአንድ ሄክታር 20፣ 40 ኩንታል፣ ከዚያም በላይ ይፈለጋል። የኢሉባቦር ዋና ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አንድ አባወራ ይህን ጭነት በምን አቅሙ ይችለዋል? አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸ ነው።

ገበሬ ወንድሜ፣ ሳትበትን አፈርህን አስመርምር። ቡና መጠነኛ ኮምጣጣነት ይወዳልና የቡና ማሳህን በዘፈቀደ አትንካው። ለበቆሎው ግን ከዘር አንድ ወር ቀድመህ በትነህ እረስበት። እናንተ ሹማምንትም የጭነቱን ወጪ ተጋሩት፤ ኖራው ዘር ከተዘራ በኋላ ሳይሆን በመጋቢት ኖፓ ይድረስ።